ፊደል ለይቶ ንባብ ላቃተው ልጅ፦ ድምፅ ማገጣጠም እንዴት ይሰጣል?

መንዝም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል መምህር ሁሉ የሚያውቀው ልጅ አለ። ገበታው ፊት ሲቆም ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ እስከ «ፖ» አንድ ሳያስቀር ይወርደዋል። ሰሌዳው ላይ «በግ» ብላችሁ ስትጽፉለት ግን «በ... ግ...» ይልና ዓይን ዓይናችሁን ያያል። ሲጨንቀው «በሬ» ብሎ ይገምታል። በጎቹን ማለዳ አሰማርቶ የመጣ ልጅ ነው፤ ቃሉ አልጠፋውም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ፊደልም አልጎደለውም። የጎደለው ከፊደል ወደ ቃል የሚያሻግረው ነገር ነው፤ አንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር መግጠም። ይህ ደግሞ ፊደሉን መቶ ጊዜ በማስቆጠር አይመጣም። ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በመምህሩ ድምፅ እየታየ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ተማሪው መጀመሪያ በቁጥር ፊደሉን እየነጠለ ይጠራል፤ ከዚያ ግእዝና ውርድ ንባብ የሚባሉትን መሸጋገሪያ ደረጃዎች አልፎ ነው ቁም ንባብ፣ ማለትም ወጥ ንባብ፣ የሚደርሰው። ከፊደል ቆጠራ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳም ተራውን አናውጦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ የሚሄደው፣ ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ለየው ወይስ በዜማ ሸመደደው የሚለውን ስለሚያጋልጥ ነው። ዛሬ ብዙ ክፍል ውስጥ የቀረው ዜማው ብቻ ነው፤ መካከሉ ተዘሏል።

መጀመሪያ የት ላይ እንደተያዘ ለዩ

ልጁን ለብቻው አስቀምጡት። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ አራት ነገር ትፈትናላችሁ።

አንደኛ ጆሮውን። ምንም ሳታሳዩት «ባ... ቄ... ላ» በሉና ምን እንዳላችሁ ጠይቁት። ከዚያ እሱ «ሽንኩርት»ን ከፋፍሎ ይንገራችሁ። ሁለተኛ ፊደል፦ ከገበታው ላይ ሳይሆን በካርድ፣ ተራቸው የተበታተነ 20 ፊደላት አሳዩት። «ቂ»ን ስታሳዩት በለሆሳስ «ቀ ቁ ቂ» እያለ ከመነሻው የሚቆጥር ከሆነ ፊደሉን ገና አልለየውም፤ ዜማውን ነው የሚያውቀው። ሦስተኛ፣ የሚያውቃቸውን ሁለት ሁለት ፊደላት አጋጥማችሁ አስነብቡት፦ ዶሮ፣ ቆሎ፣ ላም፣ ቤት። አራተኛ፣ ትርጉም የሌላቸው ቃላት፦ ዙቤ፣ ሚፋ፣ ጊሞ፣ ሌዱ፣ ኖቄ። እነዚህን ከዚህ በፊት አይቷቸው አያውቅምና በትዝታ ሊያልፋቸው አይችልም። «ዶሮ»ን አንብቦ «ሚፋ» ካቃተው፣ ዶሮን በመልኩ ሸምድዶታል ማለት ነው።

ትምህርቱ የሚጀመረው መጀመሪያ ከወደቀበት ነው። ጆሮው ያልለየውን ልጅ ካርድ ላይ ማፋጠጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጆሮውና ፊደሉ ደህና የሆነውን ደግሞ እንደገና «ሀ ሁ» ማስቆጠር በደል ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

የሳሙና ወይም የፓስታ ካርቶን በ8 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቆርጣችሁ ጥቁር ማርከር ያዙ፤ በአንድ ካርድ ላይ አንድ ፊደል፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል። መጠቆሚያ ስንደዶ። እፍኝ ባቄላ። በመሃሉ አንድ ፊደል የምታሳይ ቀዳዳ ያላት ሌላ ካርቶን። ይኸው ነው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ ያደናቅፋል። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ልጅ፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማስጨነቅ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል፤ ትላንት የገጠመውን ዛሬ ካላገኘው ይበንበታል። ሃያውን እንዲህ ክፈሉት፦ 3 ደቂቃ ጆሮ፣ 4 ደቂቃ ፊደል፣ 6 ደቂቃ መግጠም፣ 4 ደቂቃ ዓረፍተ ነገር፣ 3 ደቂቃ ጽሕፈት። ጽሕፈቱን አትዝለሉት። ቃሉን ትሉለታላችሁ፣ እሱ በድምፅ ከፋፍሎ ይጽፋል፤ ንባብ ተገልብጦ ሲታይ ይኸው ነው።

ባቄላውና አገጩ

የጆሮ ሥራ ፊደል አይፈልግም። ማታ ምድጃ ዳር ማንበብ የማትችል አያት እንኳ ልትሠራው ትችላለች። ቃል ትላላችሁ፤ ልጁ አፉ በተከፈተ ቁጥር አንድ ባቄላ ያስቀምጣል። ባ-ቄ-ላ፦ ሦስት። ዶ-ሮ፦ ሁለት። «ቤት» ስትሉ ግን ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁለት ፍሬ ያስቀምጣል፤ በዓይነ ኅሊናው ቤ እና ት ይታዩታላ። ያን ጊዜ የእጁን ጀርባ ከአገጩ ሥር እንዲያደርግ ንገሩትና «ቤት» ይበል። አገጩ አንዴ ብቻ ይወርዳል። አንድ ባቄላ። «በግ» አንድ። «ግመል» ሁለት፦ ግ-መል። «ደብተር» አራት ፊደል ነው፣ ባቄላው ግን ሁለት፦ ደብ-ተር። ይህን አሁን በደንብ ያዙት፤ ኋላ ሳድስ፣ እንደ ብ፣ ግ፣ ት ያለው ስድስተኛው ቅጥያ፣ ላይ ስንደርስ ሸክሙን የሚያቀልለው ይህ ነው።

ይህ ሲለመድ ማንሳት ትጀምራላችሁ። ከሦስቱ ባቄላ የመጀመሪያውን አንሱና «ባቄላ ያለ ባ?» በሉ። «ቄላ።» ከዚያ የቃሉን የመጨረሻ ድምፅ፦ «ላም ሲያልቅ ከንፈርህ ምን አደረገ?» ተገጠመ። ም። ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ከፊደሉ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የትኛው ፊደል ይቅደም?

በተራ አትሂዱ። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ሰባቱንም ቢያውቅ በእነሱ ብቻ የሚነበብ ቃል ከ«ሆሆ» አያልፍም። መጀመሪያ የሚሰጠው ቶሎ ቃል የሚወልደው ነው።

ለጀማሪ የሚመቹት ድምፃቸው ሳይቆረጥ የሚጎተተው ናቸው፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ነ፣ ሸ፣ ዘ፣ ፈ። ከእነዚህ ውስጥ አፍ በሰፊው የሚከፈትበትን አራተኛውን ቅጥያ፣ ራብዕን፣ ውሰዱ፦ ላ ማ ሳ ራ ና። መዝጊያ እንዲሆኑ ም ር ን ስ ል ጨምሩ። ከአሥሩ ፊደላት የሚወጣውን ተመልከቱ፦ ማማ፣ ሳማ፣ ላም፣ ሳር፣ ማር፣ ራስ፣ ሳል፣ ማን። «ሰ» ስትጨመር ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገኛል፦ «ማን ማር ላሰ?» ፊደል ለሦስት ዓመት ቆጥሮ አንድ መስመር አንብቦ የማያውቅ ልጅ ይህችን ራሱ ገጥሞ ሲያነብ፣ ጥያቄውን ቀና ብሎ ሊመልስ ሲዳዳው ታያላችሁ። ለዚያ ቅጽበት መድከም ተገቢ ነው።

በቀን 2 አዲስ፣ ቢበዛ 3፤ ከ8 የሚታወቁ ጋር አደባልቃችሁ። የሚመሳሰሉትን በአንድ ቀን አታቅርቡ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራራቁ። ቀ እና ተ፣ በ እና ሰ፣ ራ እና ሬ ዋነኞቹ ናቸው። የቆብ ቤተሰቦቹን ግን ጊዜያቸው ሲደርስ ጎን ለጎን አሳዩ፤ ሰ ቆብ ደፍቶ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ፣ ከ ኸ ይሆናል። ከጠ የወጣው ጨ ብቻ ምልክቱን ከአናቱ ሳይሆን ከእግሩ ነው ያደረገው፤ ልጆች ይህን ሲያገኙት ይደሰታሉ፣ አይረሱትምም።

15 ያህል ፊደል ከተያዘ በኋላ የቅጥያውን መልክ ግለጹ፦ ካዕብ (እንደ ሉ) ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት አለው፣ ሣልስ (እንደ ሊ) ከእግሩ፣ ኃምስ (እንደ ሌ) ከእግሩ ቀለበት። ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ከሥርዓቱ ይወጣሉ፤ ለየብቻ ይያዙ። ሳድስ ግን እንደ ሕግ አይሰጥም። ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ት አንዱ ሌላውን አይመስልምና እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይጠናል።

መግጠም

ሁለት ካርድ፣ ላ እና ም፣ በአንድ ክንድ ርቀት አራርቃችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ስንደዶውን ላ ላይ አድርጋችሁ «ላኣኣኣ» በሉ፤ ድምፃችሁን ሳትቆርጡ ስንደዶውን ወደ ም አንሸራትቱ፤ ም ላይ ሲደርስ ከንፈር ይገጠም። «ላኣኣኣም።» ካርዶቹን አቀራርባችሁ ድገሙ፤ ድምፁ ያጥራል። ሦስተኛው ላይ ካርዶቹ ተነካክተዋል፦ «ላም።»

ምሥጢሩ አለመቁረጥ ነው። ብዙው ልጅ «ላ» ብሎ ይዘጋል፣ ይተነፍሳል፣ «ም» ይላል፣ ይዘጋል። ድምፁ በዝምታ ከተቆረጠ ሁለቱ ፊደላት የሚጋጠሙበት ቦታ የለም። «ቶሎ ቶሎ በለው» ማለት አይረዳውም፤ የተቆረጠውን ቶሎ ቢለው የተቆረጠ ነው። «አትዝጋው፣ ጎትተው» በሉት። የአማርኛ ፊደል ከተነባቢው ጋር አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ በ፣ ደ፣ ገ፣ ቀ እንኳ ይጎተታሉ፤ የሚጎተተው አናባቢው ነው፦ «በኧኧኧግ»።

እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ፦ መጀመሪያ እናንተ ብቻ፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ በመጨረሻ እሱ ብቻውን። አብሮ ማንበቡ ላይ የእናንተን ድምፅ ቀስ በቀስ አሳንሱት። አንዳንድ ልጅ ከንፈራችሁን አይቶ ነው የሚከተለው፤ የእናንተ ድምፅ ሲጠፋ የእሱም ከጠፋ ገና ነው።

ሦስት ፊደል ሲሆን ሦስቱንም ጠርቶ መጨረሻ ላይ ለመግጠም አይሞክር። «ላ» ላይ ሲደርስ «ባ» ከአእምሮው ወጥታለች። እያጠራቀመ ይሂድ፦ ባ፣ ቄ፣ «ባቄ»፤ ባቄ፣ ላ፣ «ባቄላ»።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ሁለቱም ክፍት የሆኑ፦ ዶሮ፣ ቆሎ፣ ማማ። ቀጥሎ የሚጎተት መዝጊያ ያላቸው፦ ላም፣ ሳር። ከዚያ ድርቅ ያለ መዝጊያ፦ ቤት፣ በግ። ከዚያ ሦስት ፊደል፦ ባቄላ፣ ገበሬ፣ ጎተራ። በሳድስ የሚጀምሩት፣ ድመትና ግመል፣ ከዚያ ወዲያ ነው።

ቃሉ ሲለምድ አንድ ፊደል ብቻ እየለወጣችሁ ሰንሰለት ሥሩ፦ ማር፣ ሳር፣ ሳል፣ ሳም፣ ላም። በር፣ በሬ፣ በራ፣ በሩ። ገማች ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ መጨረሻውን ሳያይ ሊያልፍ አይችልምና።

ሳድስ፦ ዋናው መሰናክል

«ግ» ለብቻው ሲጠራ ትንሽ የ«እ» ድምፅ ትከተለዋለች። በ«ግመል» ውስጥ ያቺ ድምፅ አለች፤ በ«በግ» ውስጥ የለችም። የተጻፈው ግን ያው አንድ ፊደል ነው። ልጁ ገበታው ላይ የተማረውን በታማኝነት ይዞ «በግእ» ሲል ስህተቱ የእሱ አይደለም፤ ይህን የነገረው ሰው የለም።

ንገሩት። ሳድስ ቃሉ መጨረሻ ላይ ከሆነ ይዘጋል፦ በግ፣ ቤት፣ ወንድ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ትንሿን እ ይይዛል፦ ግመል፣ ልጅ፣ ብር። መሃል ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ባለው ክፍት ፊደል ተደግፎ ይዘጋል፦ ወን-በር፣ መስ-ኮት፣ ደብ-ተር። ሁለትና ሦስት ሳድስ ተከታትለው ሲመጡ፣ ለምሳሌ «ትምህርት» ላይ፣ ሕጉ አይበቃም። ያኔ ልጁ ሁለቱንም መንገድ ይሞክርና የሚያውቀውን ቃል ጆሮው ይምረጥለት፦ «የትኛው ነው የምታውቀው ቃል?» በዚህ ምክንያት የመለማመጃ ቃላት ከአፉ የማይጠፉ፣ ከቤቱና ከማሳው የመጡ ይሁኑ።

ለምሳሌ «ብርሃን»ን አብረን እንሥራ፤ ከደብረ ብርሃን ስሙ ላይ ልጁ የሚያውቀው ቃል ነው። አራት ፊደል። ብ መጀመሪያ ላይ ናት፣ እ አላት። ር የምትደገፍባት ብ አለችላት፣ ትዘጋለች፦ «ብር»። ሃ ክፍት ናት። ን መጨረሻ ላይ ናት፣ ትዘጋለች፦ «ሃን»። ብር-ሃን። የእጁን ጀርባ አገጩ ሥር አድርጎ ይቁጠር፤ ሁለት ባቄላ። በሚዘጉት በ«ር» እና በ«ን» ሥር በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡን ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ልጁ ነጥብ የሚገባውን ፊደል ያሳያችሁ፣ ቀጥሎም ይቅር።

ሲሳሳት

ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ በልባችሁ ቁጠሩ። ካልመጣለት ቃሉን አትንገሩት፤ የተሳሳተበትን ፊደል ብቻ በስንደዶው ጠቁሙ። «ይህ ምን ይላል?» ፊደሉን ካስተካከለ በኋላ ከቃሉ መጀመሪያ አንስቶ እንደገና ይግጠም። መሃል ላይ አርሞ ከቀጠለ የተገጣጠመው ቃል ጆሮው አይገባም።

«አስብ እስቲ»፣ «ሥዕሉን እየው»፣ «እንስሳ ነው» አይባልም። እነዚህ ሁሉ ዓይኑን ከፊደሉ ያነሱበታል። የበሬ ሥዕል ከላይ ካለ «በሬ» ለማለት ማንበብ አያስፈልግም፤ ሥዕሉን በወረቀት ሸፍኑትና አንብቦ ሲጨርስ ግለጡለት። በሥዕል እየገመተ ሁለተኛ ክፍልን የሚያልፍ ልጅ ሥዕሉ በሚቀንስበት ክፍል ላይ ድንገት ይቆማል፤ ያኔ ደግሞ ማፈር ይጀምርና መታረሙ ይከብዳል።

ጓደኞቹ ቃሉን ቀድመው እንዲጮኹበትም አትፍቀዱ። አንድ ልጅ ሲያነብ የሌሎቹ ሥራ በጣታቸው መከተል ነው።

የማይጻፈው መጥበቅና የአገሩ አነጋገር

መጥበቅና መላላት በፊደላችን አይታይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና ነው» የምንለው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ልጁ «ገና ደረሰ» የሚለውን አላልቶ ካነበበ ፊደል አልሳተም፤ «ልክ ነው፣ አሁን ዓረፍተ ነገሩ ምን ሊል እንደፈለገ ስማውና ድገመው» በሉት። መጀመሪያ መግጠም፣ ቀጥሎ በትርጉሙ ማስተካከል።

ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። የትኛው የት እንደሚጻፍ የኋላ ትምህርት ነው፤ አሁን በንባብ አንድ መሆናቸውን ብቻ ይወቅ።

በሰሜን ሸዋ ገጠር ደግሞ ብዙ ልጅ «ፀሐይ»ን ጠሐይ፣ «ጾም»ን ጦም፣ «ከቤት»ን ተቤት ይላል። «ከቤት» የሚለውን አይቶ «ተቤት» ያለ ልጅ ገጥሟል፣ ትርጉሙንም አግኝቷል። እንደ ስህተት አትቁጠሩበት፣ አነጋገሩንም አታሳፍሩት፤ «እኛ ተቤት እንላለን፤ እዚህ የተጻፈው ከ ነው» ብላችሁ ፊደሉን አሳዩትና እለፉ። ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ የቤት ቋንቋቸው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሆነ ልጆች አሉ። ለእነሱ የምትገጣጠመው ቃል አስቀድሞ በአፍ የሚታወቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ የማያውቀውን ቃል በትክክል ቢገጥመውም ጆሮው «አዎ» ሊለው አይችልም።

ከቃል ወደ መስመር

አማርኛ ቃል በፊትና በኋላ እየቀጠለ ይረዝማል። «ከቤታችን» ልጁን የሚያስደነግጠው ርዝመቱ ነው። እምብርቱን አስፈልጉትና አሳድጉት፦ ቤት፣ ቤቱ፣ ቤታችን፣ ከቤታችን። በቀን ሦስት እንዲህ ያለ ቃል ይበቃል። ዲቃላዎቹ፣ ኳስ፣ ጓደኛ፣ ቋንቋ፣ በመጽሐፍ ሲያጋጥሙ አንድ በአንድ ይሰጡ፤ ቋ ማለት ቁ እና ዋ በአንድ ትንፋሽ ሲባሉ ነው።

ከ30 እስከ 40 ቃል ያላት አጭር ጽሑፍ፣ እስካሁን በተማራቸው ፊደላት ብቻ የተጻፈች፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ያንብብ። በአንድ ደቂቃ በትክክል ያነበበውን ቃል ቁጠሩና ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉለት። የሚወዳደረው ከትላንቱ ከራሱ ጋር ነው።

በአጨዳ ወቅት ልጅ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቀራል። ሲመለስ ከቆመበት አትቀጥሉ፤ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ካርዶቹን ደባልቁና ከሚያውቀው ጀምሩ። በሦስት አራት ቀን ይመልሰዋል።

አንድ ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ሠርቶ ሁለት ፊደል እንኳ መግጠም ካልቻለ፣ ዘዴውን ከመለወጣችሁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ተመልከቱ። መጽሐፉን አፍንጫው ድረስ ያስጠጋል? ዓይኑ ይቀላል፣ እንባ ያፈሳል? ከኋላው ሦስት እርምጃ ርቃችሁ በሹክሹክታ «ባቄላ» ስትሉ ይደግመዋል? ጆሮው ይመግላል? ትራኮማም ሆነ የጆሮ ምርቀዛ በጤና ጣቢያ ይታያል፤ ከወላጁ ጋር ተነጋግራችሁ ላኩት። እስኪታከም ድረስ ከፊት ወንበር፣ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ካርዱንም በእጥፍ አተልቁለት።